ሁለት ክላስ ከሁለት ወገን ሲመጣ፦ የቴምፕሌት ቋንቋ እንዴት ያዋህዳቸው?

ጥያቄ፦ «ወደ ኤችቲኤምኤል የሚቀየር ትንሽ የቴምፕሌት ቋንቋ ለመሥሪያ ቤታችን እየሠራሁ ነው። የአዝራር ኮምፖነንቱ (ገጾች የሚጠሩት ተደጋጋሚ ቁራጭ) የራሱ ክላስ፣ ማለትም ስታይል የሚያያዝበት ስም፣ አለው፤ የሚጠራው ገጽም ሌላ ክላስ ይጨምርበታል። እስካሁን ሁለቱንም የክላስ አትሪቢዩት ጎን ለጎን አወጣ ነበር። የኋለኛው ያሸንፋል ብዬ ነው፤ ነገር ግን ከገጹ የመጣው ክላስ ጨርሶ አይሠራም። ሁለቱን ላያይዛቸው? ካያያዝኩስ የገጹ እንዲያሸንፍ መጨረሻ ላይ ላድርገው? በፊደል ተራ የሚደረድሩ ቋንቋዎችም አይቻለሁ፤ እሱስ ይሻላል?»

ምላሽ፦ አንድ ታግ ላይ ተመሳሳይ ስም ያለው አትሪቢዩት ሁለት ጊዜ ከመጣ ብራውዘሩ የሚይዘው የፊተኛውን ነው፤ የኋለኛውን ይጥለዋል። የኤችቲኤምኤል መስፈርት ፓርሰሩ እንዲህ እንዲያደርግ ያዛል። መስፈርቱ ድግግሞሹን ስህተት ይለዋል፣ ገጹን ግን አያስቆምም፤ ጥፋቱ ሳይታወቅ ለወራት የሚቆየው ለዚህ ነው። የገጹን ምንጭ ቢከፍቱ ሁለቱንም ያዩአቸዋል፤ በብራውዘሩ ኢንስፔክተር ሲያዩ ግን አንዱ ብቻ ነው ያለው። ያው ቴምፕሌት ራሱን የቻለ የኤስቪጂ ፋይል ወይም የአርኤስኤስ ሰነድ ቢያወጣ የሚሠራው የኤክስኤምኤል ሕግ ነው። በእሱ ዘንድ አትሪቢዩት የተደገመበት ሰነድ ከነጭራሹ ውድቅ ነው። ስለዚህ ኮምፓይለርዎ በአንድ ታግ ላይ አንድን አትሪቢዩት ከአንድ ጊዜ በላይ ፈጽሞ ማውጣት የለበትም።

ማያያዙን በተመለከተ፣ አዎ፣ ከሁለቱም ወገን የመጣው ክላስ መቆየት አለበት። ነገር ግን ሁለት ስትሪንግ መሀል ስፔስ አስገብቶ መለጠፍ ግማሽ መፍትሔ ነው። ክላስ እንደ ጽሑፍ ይጻፍ እንጂ ትርጉሙ የስሞች ስብስብ ነው። ብራውዘሩ ጽሑፉን ይቆራርጥና ያልተደገሙትን ስሞች በመጡበት ቅደም ተከተል ይይዛቸዋል፤ ጃቫስክሪፕት በክላስሊስት በኩል የሚያገኘውም ይህንኑ ነው። ቋንቋዎም ይህን ቢከተል ከብራውዘሩ ጋር አይጣላም። ከዚህ በታች የምመክረው ሁሉ ከዚህ ነጥብ የሚነሳ ነው።

መቆራረጫዎቹ አምስት ምልክቶች ብቻ ናቸው፦ ስፔስ፣ ታብ፣ አዲስ መስመር፣ ፎርም ፊድና ካሬጅ ሪተርን። የሚጠቀሙበት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አብሮት የመጣው መቁረጫ ግን ከዚህ ይሰፋል። የፓይተን ባዶ ስፕሊትም ሆነ በጃቫስክሪፕት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ውስጥ ያለው የስፔስ ምልክት የማይሰበረውን ስፔስ፣ ማለትም ከወርድ ሰነድ ወይም ከድረ ገጽ ሲገለበጥ ሳይታይ የሚመጣውን፣ እንደ መቁረጫ ይቆጥሩታል። ብራውዘሩ ግን አይቆጥረውም። እንዲህ ከሆነ የእርስዎ ኮድ ሁለት ክላስ ያያል፣ ያው ጽሑፍ በቀጥታ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ቢጻፍ ግን ብራውዘሩ አንድ ረጅም ስም ነው የሚያየው። ስለዚህ አምስቱን ምልክቶች በስማቸው ዘርዝረው የራስዎን መቁረጫ ይጻፉ፤ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ለእኛ አገር ጸሐፊዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ የቃል መለያችን ሁለት ነጥብ «፡» እዚህ መለያ አይደለም። «ቁልፍ፡ዋና» ብለው ቢጽፉ አንድ ክላስ ነው፤ «ቁልፍ ዋና» ሲሉ ነው ሁለት የሚሆነው።

የክላስ ስሞቹን በአማርኛ የምጽፈው አውቄ ነው። ኤችቲኤምኤል ከነዚያ አምስት ምልክቶች በቀር ማንኛውንም ፊደል በክላስ ስም ውስጥ ይቀበላል፣ ሲኤስኤስም ፊደላችንን በሴሌክተር (ደንቡ የትኛውን ኤለመንት እንደሚነካ በሚመርጠው ክፍል) ውስጥ እንዳለ ያነበዋል። ነገር ግን ማነጻጸሩ በኮድ ቁጥር ስለሆነ «ሠንጠረዥ» እና «ሰንጠረዥ» ሁለት የተለያዩ ክላሶች ናቸው። ቋንቋዎ እነዚህን አንድ ለማድረግ አይሞክር። የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደልም እንዲሁ አያቀራርብ፤ ብራውዘሩ በመደበኛ አሠራሩ ይለያቸዋልና።

አሁን «መጨረሻ ላይ ላድርገው?» ወዳሉት ልምጣ። በአትሪቢዩቱ ውስጥ ያለው ተራ ስታይልን አይወስንም። «ቁልፍ ቀይ» ብለው ቢጽፉም «ቀይ ቁልፍ» ቢሉም ውጤቱ አንድ ነው። ሁለት ደንቦች ሲጋጩ የሚወስነው የሴሌክተሩ ክብደት ነው፤ ክብደታቸው እኩል ከሆነ በስታይልሺቱ ውስጥ ኋላ የተጻፈው ያሸንፋል። አንድን ክላስ በአትሪቢዩቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ መድገምም ክብደት አይጨምርለትም። የገጹ ስታይል የኮምፖነንቱን እንዲያሸንፍ ከፈለጉ መፍትሔው ያለው በሲኤስኤስ በኩል ነው። የኮምፖነንቶቹን ደንቦች በአንድ ሌየር (የሲኤስኤስ ደንቦች ንብርብር)፣ የገጹን ከሱ በኋላ በተገለጸ ሌላ ሌየር ውስጥ ያስቀምጧቸው፤ የኋለኛው ሌየር የሴሌክተር ክብደት ሳይታይ ያሸንፋል። ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ይህን ይደግፋሉ። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው፦ በየትኛውም ሌየር ውስጥ ያልገባ ደንብ ሌየር ውስጥ ያሉትን ሁሉ ይበልጣል፣ «ኢምፖርታንት» የተባለባቸው ደንቦች ደግሞ ተራቸው ይገለበጣል።

እንግዲህ ተራው ስታይልን ካልወሰነ በፊደል ተራ ብንደረድራቸው ምን ይጎዳል? ሃምል የተባለው የቴምፕሌት ቋንቋ እንዲህ ሲያደርግ ቆይቷል፤ ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው። እኔ ግን አልመክርዎትም፣ ምክንያቱም ተራው ለውጥ የሚያመጣበት አንድ ቦታ አለ። የአይከን ስብስቦች «የክላስ አትሪቢዩቱ በዚህ ፊደል የሚጀምር ከሆነ» የሚል ሴሌክተር ይጠቀማሉ። ይህ ሴሌክተር የሚያየው ስብስቡን ሳይሆን ጥሬውን ጽሑፍ ነው። «ምስል-ቤት ሰፊ» የሚለው ላይ ይሠራል፤ በፊት የነበረው ስም በድርደራ ወደ መሀል ከገባ አይከኑ ይጠፋል። ጥንቁቅ የአይከን ስብስቦች «ከስፔስ በኋላ የሚመጣ» የሚል ሁለተኛ ሴሌክተር ይጨምራሉ፣ ሁሉም ግን አይጨምሩም። በዚያ ላይ ሰርቨሩ ደርድሮ አውጥቶ በብራውዘር በኩል ያለው ኮድ ሳይደረድር ከገነባ ሁለቱ ጽሑፎች አይመሳሰሉም፣ የሚያነጻጽር ፍሬምወርክም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የኮምፖነንቱ ክላሶች በፊት፣ የጠሪው ከኋላ፣ ድግግሞሽ ሲኖር ቀድሞ የመጣው ቦታውን ይያዝ። በዚህ ይጽኑ።

ይበልጥ የሚያስቸግረው የዋጋዎቹ ዓይነት ነው። የቴምፕሌቱ ጸሐፊ ለክላስ ተራ ስትሪንግ ብቻ አይሰጥም፤ ሊስት ይሰጣል፣ «ይህ ሁኔታ እውነት ከሆነ ይህን ክላስ ጨምር» የሚል ማፕ ይሰጣል፣ ሁኔታው ሳይሟላ ሲቀር ደግሞ ባዶ ነገር ይመጣል። እዚህ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት ባዶውን ነገር ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው። ከጃቫስክሪፕት ሲመጣ አዝራሩ «ቁልፍ አንዲፋይንድ» የሚል ክላስ ይዞ ይወጣል፤ ከፓይተን ሲመጣ «ቁልፍ ነን» ይሆናል። ገጹ ስለማይሰበር ማንም ልብ አይለውም። እንዲህ ይወስኑ፦ ነል፣ አንዲፋይንድ፣ ፎልስና ባዶ ስትሪንግ ዝም ተብለው ይዘለሉ። ስትሪንግ ይቆራረጥ። ሊስት እስከ ውስጡ ድረስ ይዘርዘር። በማፕ ውስጥ ዋጋው እውነት የሆነው ቁልፍ ይወሰድ፤ ቁልፉም ራሱ ሁለት ስም በስፔስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል እሱም ይቆራረጥ። ብቻውን የመጣ ትሩ ግን የኮምፓይል ወይም የሩጫ ስህተት ይሁን። «ትሩ» የሚባል ክላስ የፈለገ ሰው የለም፤ አንድ ቦታ ላይ ሁኔታውን ጽፎ ስሙን የረሳ ሰው ነው ያለው። ቁጥርንም ስህተት ማድረጉን እመርጣለሁ፣ በተለይ ዜሮን። በጃቫስክሪፕት «ብዛቱ ካለ ይህን ክላስ» የሚል አጭር አጻጻፍ ብዛቱ ዜሮ ሲሆን ዜሮውን ራሱን ይመልሳልና «0» የሚባል ክላስ ይወጣል።

መቆራረጡ መቼ ይሁን የሚለውም ወሳኝ ነው። ጸሐፊው «ቁልፍ-» ብሎ መጠኑን የያዘውን ቫሪያብል ከለጠፈበት መጀመሪያ ቫሪያብሉ ይተካ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይቆረጥ። ቀድመው ከቆረጡና ዋጋው «ትልቅ ክብ» ሆኖ ቢመጣ፣ እርስዎ «ቁልፍ-ትልቅ ክብ» የሚለውን አንድ ስም አድርገው ይይዙታል፤ ብራውዘሩ ግን ሁለት ያደርገዋል፣ «ክብ» ቀድሞ ካለም ድግግሞሹ አይጠፋም። ቫሪያብሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ «ቁልፍ-» የሚል ጅራቱ የተንጠለጠለ ስም ይቀራል። ይህን ቋንቋው ሊያስተካክለው አይችልም፣ ምክንያቱም ሰረዝ በስም መጨረሻ ላይ ሕጋዊ ነው። በሰነድዎ ላይ ግን ጸሐፊዎቹ ከመለጠፍ ይልቅ ማፑን እንዲጠቀሙ ይንገሯቸው፤ ሙሉ ስሞች በኮዱ ውስጥ ሲጻፉ ፈልጎ ማግኘትም ይቀላል፣ የማይጠቀሙበትን ሲኤስኤስ የሚያጸዱ መሣሪያዎችም ስሞቹን አይስቷቸውም።

ማምለጫ ምልክት፣ ማለትም ጥቅስንና «&»ን ወደ ኤችቲኤምኤል አጻጻፍ መቀየር፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ። ቴይልዊንድ የተባለውን የሲኤስኤስ ፍሬምወርክ የሚጠቀሙ ሰዎች «&» ያለበት የክላስ ስም ይጽፋሉ። በቴምፕሌቱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈው ክላስ ቀድሞ በኤችቲኤምኤል አጻጻፍ ሊመጣ ይችላል፣ ከቫሪያብል የመጣው ግን ጥሬ ነው። ሁለቱን ሳያቀራርቡ ካዋሃዷቸው ያው ስም ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ሁሉንም እንደገና ካመለጡ ደግሞ ቀድሞ የተቀየረው ድጋሚ ይቀየርና ክላሱ ከሲኤስኤሱ ጋር መገናኘቱን ያቆማል። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ጥሬ ጽሑፍ ይመልሱ፣ ያዋህዱ፣ ሲያወጡ ያምልጡ። ማምለጡን ከነጭራሹ መርሳት ደግሞ የደህንነት ቀዳዳ ነው፦ ከተጠቃሚ የመጣ አንድ የጥቅስ ምልክት አትሪቢዩቱን ይዘጋና የራሱን የክስተት ኮድ ይጨምራል።

ሁሉም ተዘልሎ ስብስቡ ባዶ ሆኖ ከቀረ አትሪቢዩቱን ጨርሶ አያውጡት። ባዶ ክላስ «ክላስ ያለው ማንኛውም ኤለመንት» የሚል ሴሌክተር ላይ ይገባል፣ ይህም ጸሐፊው ያላሰበው ነው።

ጠሪው አንዳንዴ የኮምፖነንቱን ክላስ ከነጭራሹ መተካት ይፈልጋል። ለዚህ የተለየ ምልክት ይስጡት፤ መዋሃዱ ነባሪ፣ መተካቱ ግን በግልጽ የተጻፈ ይሁን። ሪአክት በተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ አትሪቢዩቶች ሲዘረገፉ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካል፣ መዋሃድ የለም፤ ብዙ ሰው «ኮምፖነንቴ ስታይሉን አጣ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ቪው የተባለው ፍሬምወርክ የኮምፖነንቱንና የጠሪውን ክላስ ያዋህዳል፤ ኮምፖነንቱ ከአንድ በላይ ሥር ኤለመንት ካለው ግን የትኛው ላይ እንደሚያሳርፈው ስለማያውቅ በራሱ አያደርገውም፣ ጸሐፊው ይናገር ይላል። ቋንቋዎ ብዙ ሥር የሚፈቅድ ከሆነ ይህንኑ ያድርጉ፤ የመጀመሪያው ላይ ማሳረፍ ግምት ነው። ብሌድ በተባለው የላራቬል ፍሬምወርክ የቴምፕሌት ቋንቋ ውስጥ ያለው የመርጅ ትእዛዝ ክላስን ያዋህዳል፣ አብዛኞቹን ሌሎች አትሪቢዩቶች ግን እንደ ነባሪ ዋጋ ይዞ ጠሪው ከሰጠ ይተካል። ፐግ የተባለው የቴምፕሌት ቋንቋ ክላስ ሲደጋገም ያዋህዳል፣ ሌላ አትሪቢዩት በአንድ ታግ ላይ ተደግሞ ሲጻፍ ግን ኮምፓይሉን ያቆማል። ከእነዚህ የፐግ ጥብቅነትና የብሌድ ነባሪ ዋጋ አብረው ቢሄዱ ጥሩ ይመስለኛል፦ ያው ሰው በአንድ ታግ ላይ ሁለት ጊዜ ከጻፈ ስህተት ነው፣ ከኮምፖነንትና ከጠሪ ከመጣ ደግሞ ጠሪው ይበልጣል።

አንድን ክላስ ለይቶ ማስወገድ የሚል ባህሪ ግን አይጨምሩ። ጠሪው የኮምፖነንቱን የውስጥ ስሞች ማወቅ ይጀምራል፤ ነገ ኮምፖነንቱ ውስጥ ስም ሲቀየር ማስወገዱ ዝም ብሎ መሥራቱን ያቆማል።

በቴይልዊንድ የሚሠሩ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይመጣብዎታል፦ ኮምፖነንቱ የውስጥ ክፍተቱን 4 የሚያደርግ ክላስ አለው፣ ጠሪው 2 የሚያደርገውን ጨመረ፤ ሁለቱም በስብስቡ ውስጥ አሉ፣ ያሸነፈው ግን በስታይልሺቱ ውስጥ ኋላ የተጻፈው ነው። ቴይልዊንድ-መርጅ የሚባለው ላይብረሪ የትኞቹ ክላሶች አንድ ባህሪ ላይ እንደሚጋጩ ስለሚያውቅ የፊተኛውን ያስወግዳል። ይህን እውቀት ወደ ቋንቋዎ አያስገቡት። የአንድ የሲኤስኤስ ፍሬምወርክ የስም አሰጣጥ የቴምፕሌት ቋንቋ ሕግ ሊሆን አይገባም፤ ፍሬምወርኩ ስሪቱን ሲቀይር እርስዎም አብረው መቀየር ሊኖርብዎት ነው። የመጨረሻውን ስብስብ ተቀብሎ ስብስብ የሚመልስ አንድ ፈንክሽን ከውጭ እንዲሰካ ቦታ ይተዉ፤ ይበቃል።

አንዴ ክላስን ካዋሃዱ በኋላ «ሁሉንም እንዲሁ ላድርግ» የሚል ፈተና ይመጣል። እዚህ ላይ በጣም ይጠንቀቁ። ስሊም የተባለው የቴምፕሌት ቋንቋ የትኛው አትሪቢዩት በየትኛው ምልክት እንደሚያያዝ ጸሐፊው እንዲያዋቅር ይፈቅዳል፣ በነባሪ ግን የሚያያይዘው ክላስን ብቻ ነው፤ ልክ ነው። አይዲን ማያያዝ የሌብልንም የገጽ ውስጥ ሊንክንም ይሰብራል። ስታይልን በስፔስ ቢያያይዙ፣ የፊተኛው በሴሚኮለን «;» ካልተዘጋ ሁለቱ ደንቦች ወደ አንድ የማይነበብ ደንብ ይቀየሩና ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በስታይል ውስጥ ደግሞ፣ ከክላስ በተቃራኒ፣ ተራው ይወስናል። ስክሪን ሪደር የሚያነበው የአሪያ-ሌብልድባይ ዝርዝር የአይዲዎች ዝርዝር ነው፣ ነገር ግን የሚነበበው በተጻፈበት ተራ ስለሆነ ከሁለት ወገን ሰብስቦ ማያያዝ ትርጉም የሌለው ዓረፍተ ነገር ያስነብባል። ከሁሉ የከፋው የአይፍሬም ሳንድቦክስ፣ ማለትም በገጽ ውስጥ የተከተተን ሰነድ የሚገድበው አትሪቢዩት፣ ነው። እያንዳንዱ ስም አንድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ኮምፖነንቱ ስክሪፕት ፈቅዶ ገጹ «ተመሳሳይ ምንጭ» ቢጨምር፣ ውስጡ ያለው ሰነድ ከገጹ ጋር ከአንድ ምንጭ የመጣ ከሆነ ሳንድቦክሱን ራሱን ማንሳት ይችላል። ማንም ሰው ሁለቱን አብሮ አልጻፈም፣ ቋንቋው ግን በየዋህነት አገጣጠማቸው። ክላስ ብቻ ይዋሃድ።

አንድ ገደብ አለ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ኮምፓይለርዎ ታግን እንደ ታግ የሚያነብ ከሆነ ነው። እንደ ጂንጃ ጽሑፍን በጽሑፍ የሚተካ ቋንቋ ከሆነ የክላስ አትሪቢዩት የት እንደጀመረና የት እንዳለቀ አያውቅም፤ በታጉ መሀል በ«ከሆነ» ውስጥ የተጻፈ ሁለተኛ ክላስ እንዳለ ይወጣል፣ ብራውዘሩም ይጥለዋል። እንዲህ ከሆነ ማዋሃዱን እንደ ፈንክሽን ይስጡ፣ ጸሐፊውም በአንዱ አትሪቢዩት ውስጥ ይጥራው። ታግን የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ቋሚዎቹን ክላሶች በኮምፓይል ጊዜ አንድ ላይ አጥፈው በሩጫ ጊዜ ተለዋዋጮቹን ብቻ ያስሉ። ከጠሪው የሚመጣ ተለዋዋጭ ክላስ ከሌለ የመክፈቻው ታግ ሙሉ በሙሉ ቋሚ ጽሑፍ ይሆናል። ውጤቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚልኩ ከሆነም ማቆየት ያለብዎት የመክፈቻውን ታግ ብቻ ነው።

ሲጨርሱ በእነዚህ ይፈትኑት፦ ኮምፖነንቱ «ቁልፍ ዋና» ይዞ ጠሪው «ዋና ሰፊ» ሲሰጥ «ቁልፍ ዋና ሰፊ» ይውጣ። ጠሪው ነል ሲሰጥ «ቁልፍ ዋና» ብቻ ይሁን፣ መጨረሻው ላይ ትርፍ ስፔስ አይኑር። በመሀሉ አዲስ መስመርና ታብ ያለበት ረጅም የክላስ ጽሑፍ በአንድ ስፔስ ተለያይቶ ይውጣ። የማይሰበር ስፔስ ያለበት ስም ሳይቆረጥ ይቆይ። «&» ያለበት ስም ከቴምፕሌቱም ከቫሪያብሉም መጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አምልጦ ይታይ። ባዶ ሊስትና ሁሉም ዋጋው ፎልስ የሆነ ማፕ ያለ ክላስ አትሪቢዩት ይውጡ። ብቻውን የመጣ ትሩ ደግሞ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር የሚናገር ስህተት ይስጥ።